የታመመች ድመት ወዴት ትወሰድ? በብቸናና በሞጣ ሳይመለስ የቆየው ጥያቄ

በብቸናም ሆነ በሞጣ የታመመች ወይም የተጣለች ድመት ተቀብሎ የሚያሳድር መጠለያ የለም። መጠለያው ባይኖርም ታማሚዎቹ ግን አሉ። የአይጥ መርዝ የቀመሰች፣ ውሻ የዘነጠላት፣ ምጥ የጠናባት፣ ሽንት አልወጣ ብሎት ሌሊቱን ሲጮኽ የሚያድር ወንድ ድመት በየሰፈሩ አይጠፋም። የቤቱ ባለቤት ወይም ያየ መንገደኛ አዝኖ በዘንቢል ይዞ ቢነሣ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ። በብቸና የእነማይ ወረዳ፣ በሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ገበሬ በሬውን፣ በጉንና አህያውን የሚያሳክመው እዚያ ነው።

የወረዳ ክሊኒክ ሲታቀድ በዐሳብ የነበረው በሬ ነው። በግቢው ውስጥ ከብት ገብቶ የሚቆምበት የእንጨት ማቆሚያ ይኖራል፤ ትንሽ እንስሳ የሚመረመርበት ጠረጴዛ ግን አይታሰብም። መርፌው ወፍራም ነው፤ ስሪንጁም ትልቅ ነው። በመደርደሪያው ላይ የሚገኙት ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ፔኒሲሊን፣ አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን ሲሆኑ፣ መጠናቸው የተሰላው በመቶ ኪሎ ለሚመዘን እንስሳ ነው። አንዲት ድመት ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ብትመዝን ነው። ለከብት የተዘጋጀ የአልቤንዳዞል ፍሬ 2,500 ሚሊ ግራም ሊሆን ይችላል፤ ይህ መድኃኒት በድመት ላይ መጠኑ ሲያልፍ ደም የሚሠራውን መቅኔ ይጎዳል። ስለዚህ ባለሙያው «ለድመት መድኃኒት የለንም» ብሎ ሲመልስ ብዙ ጊዜ ጭካኔ አይደለም። በእጁ ባለው ነገር ቢሞክር ሊገድላት እንደሚችል ያውቃል።

አገልግሎቱ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ሩቅ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጀው። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ከዚያ የመጣውን ረኃብ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። የአገሪቱ የእንስሳት ሕክምና የተገነባው ያ እንዳይደገም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ ክትባት ማምረት ጀመረ። በዚያው ከተማ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 ተከፈተ። በመላ አገሪቱ ክትባት በበረዶ ሳጥን ተጭኖ በእግርና በበቅሎ ሳይቀር ተጓዘ። ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በ2008 ተረጋገጠ፤ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011 ነፃ ተባለ። ይህ ድል ሊነገርለት የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም ብዬ አምናለሁ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነውና፣ ለዚያ የለፉት የጤና ረዳቶች ስም በየወረዳው መመዝገብ ነበረበት።

ይኸው ታሪክ ግን የአገልግሎቱን ቅርጽ ወሰነ። የእንስሳት ሐኪም ሥራ መንጋን መከተብ፣ የእርሻ ጉልበትን ማዳን፣ የወጪ ንግድን መጠበቅ ሆነ። አንዲት እንስሳ በአንድ ሌሊት በሞት አፋፍ ላይ ስትሆን ማዳን የዚህ ሥራ ክፍል ሆኖ አያውቅም። ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ሲያወጣ የቆየውን የእንስሳት ቆጠራ ይመልከት። ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ግመል፣ ዶሮ፣ የንብ ቀፎ ሳይቀር ተቆጥሮ ተጽፏል። ድመትና ውሻ የሉበትም። የወረዳ መድኃኒት ግዥ የሚታቀደው በዚህ ዓይነት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነውና፣ ያልተቆጠረ እንስሳ በበጀቱ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይችልም።

ድመት ጥቅም የማትሰጥ ሆና ተዘለለች ሊባል ግን አይችልም። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍና የስንዴ አገር ነው። እህል ከአውድማ ወጥቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የገበሬው ጠላት ነቀዝና አይጥ ናቸው። አይጥ የሚበላው ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የሚያበላሸው፣ በሽንቱና በኩሱ የሚበክለው ይብሳል። ብራና መጻሕፍትና አልባሳት የሚቀመጡበት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትም ከዚሁ ጠላት መጠበቅ አለበት። ለዚህ ሁሉ በጎጃም ቤት ያለችው ጠባቂ ድመት ናት። ደመወዝ አትጠይቅም፤ ፍርፋሪና ጥቂት ወተት ካገኘች የቀረውን ራሷ አድና ትበላለች። ስትታመም ግን ማንም የማይጠየቅባት የቤት ሠራተኛ እሷው ናት።

ድመትን ወደ ሞት የሚያደርሳት ብዙ ጊዜ ይኸው ሥራዋ ነው። አይጥ ሲበዛ ሰው መርዝ ይገዛል። አበው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉት በትክክል የሚሠራው እዚህ ነው። በየገበያው ከሚሸጡት አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት ሆኖ የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ አለው። ብዙ ጊዜ ስምና መመሪያ በሌለው ወረቀት ወይም ላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙ ልብን፣ ሳንባንና ጉበትን ይመታል። ድመቷ መርዙን ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ብታገኘው፣ ወይም ሆዱ ውስጥ መርዙ ገና ያልተፈጨበትን አይጥ ብትበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትታወካለች። ለፎስፊን ማርከሻ የለም። ለነቀዝ ጎተራ ውስጥ የሚጨመረው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒንም የሚያመነጨው ይህንኑ ጋዝ ነው፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎተራ ሲጨመር ሰውንም ይገድላል። የተመረዘች ድመት ስታስመልስ መስኮት መክፈትና ፊትን ማራቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ትውከቱ ራሱ ጋዝ ያወጣል።

ሁለተኛው የመርዝ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው፣ ብሮማዲዮሎንን የመሰለው ነው። ይህ ቀስ ብሎ ይገድላል። ድመቷ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ትደክማለች፤ ድዷ ይነጣል፤ ከአፍንጫዋ ወይም ከሰገራዋ ጋር ደም ይታያል። እዚህ ላይ ግን ማርከሻ አለ፤ ቫይታሚን ኬ አንድ ይባላል፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ሳይቋረጥ ከተሰጠ ያድናል። ይህ መድኃኒት በከተማው ውስጥ የሌለ እንዳይመስለን፤ በየጤና ጣቢያው ለአራስ ሕፃናት የሚሰጥ መርፌ ነው። ከሕፃናት ድርሻ ይቀነስ ማለቴ በጭራሽ አይደለም። ጥቂት ብልቃጥ ለእንስሳት ክሊኒኩ ለብቻው ቢገዛ ወጪው ከአንድ በሬ ሕክምና የማይበልጥ መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

ሦስተኛው መርዝ ሰው በደግነት የሚሰጠው ነው። ቁንጫ የወረራትን ድመት ለከብት መዥገር በተበጠበጠ ዲያዚኖን ማጠብ የተለመደ ነው። ድመት ቆዳዋን ስለምትልስ ፈሳሹን ትጠጣዋለች፤ ምራቋ ይዝረበረባል፣ የዓይኗ ብሌን ይጠባል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ አትሮፒን ያድናል፤ አትሮፒን ደግሞ ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ፓራሲታሞል ነው። ለሰው ራስ ምታት የሚዋጠውን ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንድ ብቻ ለድመት መስጠት ሊገድላት ይችላል፤ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማብላላት አይችልም። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። በየመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ «ፓራሲታሞል ለድመት አይሰጥም» የሚል አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ብዙ ነፍስ ያድናል፤ ዋጋውም የወረቀቱ ብቻ ነው።

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ ተመረዘች ድመት ነው። በጎጃም ምራቅ የምታዝረበርብ፣ ድንገት ጠባይዋ የተለወጠ ድመት ሌላ ነገርም ልትሆን ትችላለች፤ ያበደች። የድንገተኛ ሕክምናው ጥያቄ ከሁሉም ቦታ በላይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የቆየ ጠላት ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በሽታው በኢትዮጵያ ስላለፈበት ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1884 በብዙ አካባቢ ተነሥቶ እንደነበረና በ1903 በአዲስ አበባ ወረርሽኝ እንደ ታየ ጽፈዋል። ዛሬም በኢትዮጵያ በየዓመቱ 2,700 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በዓለም ደረጃ ግምቱ 59,000 ገደማ ሲሆን፣ ከመቶው 99ኙ በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው። ድመት ከውሻ ትወስዳለች፤ ንክሻዋና ጭረቷም ለሰው ያስተላልፋል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በሰውም በእንስሳም መመለሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው ከእንስሳ ወደ ሰው ከሚተላለፉት በሽታዎች ውስጥ የአገሪቱን ቀዳሚዎች ሲለዩ፣ አንደኛ የተባለው ይኸው ነው።

የወረዳው ሐኪም ያለበትን እንመልከት። ምራቋ የሚዝረበረብ፣ የምትንቀጠቀጥ፣ የምትነክስ ድመት በጆንያ መጣችለት። ዲያዚኖን ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ አትሮፒን ካልወጋት ትሞታለች። እብደት ከሆነ ደግሞ ሊወጋት ሲይዛት ብትነክሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደቀ። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ልምድ ላለው ሰው እንኳ ያስቸግራል። ራሱ አስቀድሞ ካልተከተበ አልነካትም ቢል ማንም ሊወቅሰው አይገባም። እኔ ለድመቶች የድንገተኛ ሕክምና የመጀመሪያው ዕቃ ምንድን ነው ብባል፣ መልሴ የሐኪሙና የረዳቱ ቅድመ መከላከያ ክትባት ነው። እንስሳትን በሙያ የሚነካ ሰው ከመነከሱ በፊት መከተብ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ከመከረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በወረዳ ደረጃ ግን ይህ እንደ ቅንጦት ይታያል። ያልተከተበ ሐኪም ባለበት ክሊኒክ ስለ ጠረጴዛና ስለ መድኃኒት ማውራት ከንቱ ነው።

ለተነከሰው ሰው ያለው ደንብ የታወቀ ነው፤ ግን ደጋግሞ መናገሩ አይከፋም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። የነከሰችው ድመት ከተያዘች በጥንቃቄ ተዘግታ ለ10 ቀን ትታያለች፤ በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነች በነከሰችበት ሰዓት ምራቋ በሽታውን አልያዘም ማለት ነው። ከሞተች ጭንቅላቷ ለምርመራ መላክ አለበት። ብዙ ሰው ግን ድመቷን በንዴት ገድሎ ይጥላታል፤ መልሱም አብሯት ይጣላል። ከዚያ ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን ይጠጣ፣ ጸሎቱንም ይጸልይ፤ ክትባቱን ግን አይተው። እንዶድን የመሳሰሉ ሥሮችና ቅጠሎች ይህን በሽታ አያቆሙም፤ እንዶድ እንዲያውም በብዛት ከተጠጣ ራሱ መርዝ ነው። ለረጅም ዓመታት አገራችን የምትሰጠው ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ስለ ነበር ታካሚው ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፤ አሮጌው ፍርሃት በሰው ልብ የቀረውም ከዚያ ነው። አዲሱ ክትባት ግን በአራት ወይም በአምስት ቀጠሮ የሚያልቅ፣ ክንድ ላይ የሚወጋ ነው።

ማዘጋጃ ቤቶች ለዚህ ሁሉ ለዘመናት የያዙት መፍትሔ መርዝ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስትሪክኒን በተቀባ ሥጋ መግደል የተለመደ ነበር። ሥጋውን ድመትም ትበላዋለች፣ ጅብም፣ አሞራም። የስትሪክኒን ሞት አእምሮ ሳይደነዝዝ ጡንቻ እየተኮማተረ የሚመጣ ነውና ያየ ሰው አይረሳውም። ከዚያ በላይ ደግሞ አይሠራም፤ የተገደሉትን ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ወዲያው ይሞሉታል። በሽታውን የሚያቆመው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን በየጊዜው መከተብ መሆኑ በብዙ አገር ተፈትኖ ታይቷል። በአገራችን ይህን ቀድመው ከተናገሩት መካከል በባሌ የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበርን የመሠረቱት ኤፍሬም ለገሰና ሃና ክፍሌ ይገኙበታል። ማኅበሩ መርዙን ተቃውሞ ክትባትንና ማምከንን በቦታው ለመተካት ሠርቷል። በባሌ ነገሩ ከሰው ጤናም ያልፋል፤ በዓለም ከ500 ያነሱት ቀይ ቀበሮዎች ከውሻ በተላለፈ እብደት እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በብዛት ሞተዋል። በሞጣና በብቸና ራስጌ ያለው ጮቄ ተራራም አንድ ጊዜ ቀይ ቀበሮ የነበረበት ነው፤ ዛሬ የለም። ያጠፋው በዋናነት እርሻ ወደ ላይ መውጣቱ ቢሆንም፣ ከሰው ጋር የሚወጣው ውሻም ብቻውን አይወጣም፤ በሽታውን ይዞ ነው።

ወደ ድመቷ እንመለስ። መርዝም እብደትም ያልሆነው የሕመም ክፍል በጣም ሰፊ ነው፤ ደግነቱ ብዙው በጥቂት ነገር ይድናል። ብቸናና ሞጣ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ለታመመ ግልገል ድመት ገዳይ ነው። በብርድ የደረቀች ግልገል መጀመሪያ መሞቅ አለባት፤ ሳትሞቅ ወተት ቢሰጣት ሆዷ አይቀበለውም፣ ወደ ሳንባዋም ሊገባ ይችላል። ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማኖር ከማንኛውም መርፌ ይቀድማል። ተቅማጥና ትውከት ያደረቃት ድመት የምትሞተው በውሃ እጦት ነው። ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ ለአንድ በሬ ጠብታ ያህል ነው፤ ለአንዲት ድመት ግን በባለሙያ እጅ ከቆዳዋ በታች 100 ሚሊ ሊትር ያህል ከተሰጣት ከሞት ሊመልሳት ይችላል። ሽንት የተዘጋበት ወንድ ድመት ሌላው ነው። ቆሞ እያማጠ ጠብታ ካላወጣ ሆድ ድርቀት ነው ብለው ዘይት ያጠጡታል፤ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ ይሞታል። ቀጭን ቱቦ ቢኖር መክፈት ይቻላል፤ ቱቦ ባይኖር እንኳ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ፊኛውን አስተንፍሶ ጊዜ ሊገዛለት ይችላል። ለሁለት ሦስት ቀን ምግብ የተወች ድመት ደግሞ ጉበቷ በስብ ሊሞላ ይችላል፤ «ስትርባት ትበላለች» ብሎ መተው እንደ ውሻ ለድመት አይሠራም።

የማትድነውስ? ጀርባዋ በመኪና የተሰበረ፣ ፎስፊን ጉበቷን የጨረሰው ድመት አለች። በሕግና በሙያ የተፈቀደው ሥቃይ የሌለው ማሳረፊያ እንደ ፔንቶባርቢታል ያለ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ይህ በወረዳ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ አይደለም። ድመት መግደል በጎጃም ነውርም ኀጢአትም ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሰው የሚያደርገው ከከተማ አውጥቶ ጥሎ መመለስ ነው። ነውሩን አከብራለሁ፤ ግን እየተሠቃየች በብርድ የምትሞተው ሞት ከእጃችን ስለራቀ ኀጢአቱ ይቀላል ብዬ አላምንም። የሃይማኖት አባቶችና ሐኪሞች ተነጋግረው የሚፈቱት ጉዳይ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም አላነሣውም።

ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ቶሎ የሚደርሱበት ሐሳብ «መጠለያ ይሠራ» የሚል ነው። በዚህ ላይ እኔ እለያለሁ። በቂ ገንዘብ የሌለው መጠለያ ለድመት ምን እንደሚሆን ከሌላ አገር ብዙ ታይቷል። ድመቶች በአንድ ክፍል ሲታጎሩ ግልገሎችን በተቅማጥና በትውከት የሚጨርሰው ቫይረስ ይገባል፤ ቫይረሱ በወለልና በሣጥን ላይ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። የሚገድለው በረኪና ነው፤ አንድ እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ መጀመሪያ በታጠበ ወለል ላይ ለ10 ደቂቃ ይቆያል። አዲስ የገባች ድመት ለብቻዋ የምትቆይበት ክፍል፣ የተለየ ሰሃን፣ የተለየ ልብስ ይፈልጋል። ይህን ማሟላት ያልቻለ መጠለያ በመንገድ ላይ ሊበተን የነበረውን ሞት በአንድ ግቢ ይሰበስባል። ውሃ በሚቋረጥባት ከተማ፣ ምግቡን ማን ይችላል ተብሎ ሳይታሰብ መጠለያ መክፈት ምሕረት አይሆንም።

ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም አዲስ አይደለም። በለንደን ሜሪ ቲልቢ እ.ኤ.አ. በ1860 የባዘኑ ውሾች መጠለያ ከፈተች፤ ድመቶች የገቡት ከ20 ዓመት በላይ ዘግይተው ነው። በ1917፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ማሪያ ዲኪን የተባለች ሴት ግን በዚያው ከተማ ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር አንድ ምድር ቤት ተከራይታ የድሃ ሰው የታመመ እንስሳ በነፃ የሚታከምበት ክሊኒክ ከፈተች። ማደሪያ አላዘጋጀችም። እንስሳው ታክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሲርቀው ክሊኒኩ በፈረስ ጋሪ ይሄድለታል። የብቸናና የሞጣ ድመት ደግሞ ቤት አላት፤ የምታድርበት ጓዳ አላት፣ የሚያውቃት ልጅ አለ። የጎደላት ለአንድ ሰዓት የሚያያት ሰው ነው። በአገራችንም ለዚህ የቀረበ ልምድ አለ። በቢሾፍቱ ከእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲው ጋር በመሆን ለአህዮች የተቋቋመው የሕክምና ፕሮጀክት አህያ «የማይታከም እንስሳ» የነበረበትን ዘመን ለውጧል። አህያም በአንድ ወቅት ቢታመም ሜዳ ላይ የሚጣል ነበር፤ ዛሬ ባለ ጋሪው ራሱ ወደ ክሊኒክ ይወስደዋል።

ባለሙያም ጠፍቶ አይደለም። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ሐኪም ያስመርቃሉ፤ ከተመረቁት መካከል ሥራ ሲፈልጉ የሚከርሙ አሉ። በትምህርታቸው ስለ ድመትና ውሻ ተምረዋል፤ የሚለማመዱበት ግን አያገኙም። ለሥራ ልምምድ ወደ ወረዳ ሲወጡ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለትናንሽ እንስሳት ቢመደብላቸው ለተማሪውም ለከተማውም ይጠቅማል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ የመድኃኒትና የክትባት ጉዞ እያስተጓጎለ መሆኑ እውነት ነው። የሰው መድኃኒት በማይደርስበት ቀን ስለ ድመት መናገር የሚያሳፍራቸው ይኖራሉ። እኔ አያሳፍረኝም። የሐኪሙ ክትባት፣ የውሻና የድመት ክትባት፣ ስም በሌለው ወረቀት የሚሸጠው መርዝ መቆም፣ ሁሉም የሰው ሕይወት ጉዳዮች ናቸው፤ ድመቷ የምትድነው በዚያው ጎዳና ነው።

ለሁለቱ ወረዳዎች የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝሩ አጭር ነው። ለባለሙያዎቹ ቅድመ መከላከያ ክትባት፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሽቦ ሣጥን ሁለት ሦስት፣ የአንድ ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ሚዛን፣ አትሮፒን፣ ቫይታሚን ኬ አንድ፣ ሪንገር ላክቴት፣ በረኪና። ለከብት ክትባት ወደ ቀበሌ የሚወጣው የበረዶ ሣጥን የእብድ ውሻ ክትባትንም ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ሦስት ወር የሞላት ድመት በዚያው ቀን ትከተባለች። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የወረዳ ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ ቀደም ብሎ በበልግ ወራት ነው። ጥያቄው በጽሑፍ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር፣ ለወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ላይ መቅረብ ያለበት ያን ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ለከርሞ ይተላለፋል።